ሚሳኦ፣ ዘፈኑን አንቺ ምረጪለት

ሳካታ፣ ኅዳር አጋማሽ

ውድ እህቴ ሚሳኦ፣

ፖስታው ላይ ስሜን ስታዪ ሳትከፍቺው ልትቀጂው እንደምትችዪ አውቃለሁ። ብትቀጂውም አልፈርድብሽም። አድራሻሽን የሰጠችኝ የአክስታችን ልጅ ያኤኮ ናት፤ እሷም ሦስት ጊዜ ካስለመነችኝ በኋላ ነው። "እትዬ ኪኑዮ፣ ልትወቅሻት ከሆነ ከኔ አፍ አይወጣም" አለችኝ። "ልወቅሳት አይደለም፤ ራሴን ልከስ ነው" አልኳት። ማስታወሻዋን ፍለጋ ሄደች።

መጀመሪያ የምትፈሪውን ልንገርሽና ይውጣልሽ፤ አባባ አልሞተም። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እንደቆመ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙለትም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። ንግግሩም ሄዷል። የምትዪውን ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው "እ... እ..." ብቻ ነው። ያ የወደቡን ሞተር ጠጋኝ ሁሉ በአንድ ጩኸት ጸጥ የሚያሰኝ ሰው፣ ውሃ ለመጠየቅ ግንባሩ ላብ በላብ ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን በግራ እጁ ገበታውን ይደበድብ ነበር። ኋላ ላይ ተወው። የተወ ጊዜ ነው እኔ የፈራሁት።

ንግግር የሚያሠለጥኑት ባለሙያ ሃታኬያማ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆኑ፣ ቀልደኛ። አንድ ቀን ወደ ኮሪደሩ አወጡኝና "አባትዎ ዘፈን ይወዳሉ?" አሉኝ።

"አባባ? ዘፈን? ሰው ሲዘፍን ከሰማ መስኮት የሚዘጋ ነው።"

"ለማንኛውም ይሞክሩት። ንግግርና ዘፈን ጭንቅላት ውስጥ አንድ ቤት አይኖሩም። አንዱ ቤት ሲቃጠል ጎረቤቱ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። አንዲት ቃል መናገር አቅቷቸው ሙሉ ዘፈን የሚዘፍኑ በሽተኞች አይቻለሁ።"

ቤት ውስጥ እንዳልሞክር የግድግዳችንን ስስነት ታውቂዋለሽ፤ አባባም ጎረቤት ሰምቶ እንዲያዝንለት አይፈልግም። ስለዚህ በዋናው መንገድ ዳር፣ ድሮ የጎማ መጋዘን የነበረበት ቦታ የተከፈተው፣ ክፍል ተከራይተው በማሽን ሙዚቃ የሚዘፍኑበት ካራኦኬ ቤት ወሰድኩት። ረቡዕ ጠዋት ማንም የለም። ምድር ቤት ያለችው ሦስት ቁጥር ክፍል ወንበሩን ታስገባለች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ብትጮኺ፣ ብታለቅሺ፣ የሚሰማሽ የለም። ይህ እንዴት እንደሚጠቅመኝ ያን ጊዜ አላወቅኩም ነበር።

በመጀመሪያው ረቡዕ የልጆች መዝሙር መረጥኩለት፤ ወይዘሮ ሃታኬያማ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ይጀምሩ ብለውኝ ነበር። አባባ በስክሪኑ ላይ የሚዘለውን ጥንቸል አየና ዓይኑን እኔ ላይ አፈጠጠ። "ሕፃን አደረግሽኝ?" ማለቱ እንደነበር ለማወቅ ንግግር አያስፈልግም። ቀጥዬ የድሮዎቹን፣ ስለ ወደብና ስለ መጠጥ ቤት የሚያለቅሱትን መረጥኩ። በእሱ ዕድሜ ያለ የሳካታ ሰው ሁሉ የሚወዳቸውን። ዓይኑን ጨፈነ። ማሽኑ ደግሞ ዝምታችንን እንደ ዘፈን ቆጥሮ ከመቶው አርባ አንድ ነጥብ ሰጠን። አባባ ስክሪኑን ድሮ ብሎን የጣለ ተለማማጅን በሚያይበት ዓይን አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጥብ መስጫውን እያጠፋሁ ነው የምንጀምረው።

የቀረን ግማሽ ሰዓት ነበር። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ፣ ለራሴ፣ የሚናሴ ጎሮን አንድ ዘፈን መረጥኩ። ሚናሴን! ያንቺን ሚናሴ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራው፣ ጸጉሩን እስከ ትከሻው ያሳደገው ያንቺ ጊታረኛ። አሁን ሙሉ ሽበት ነው፤ ግን እስከዛሬ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይዘፍናል። በአንድ ክፍል ተኝተን ባደግንባቸው ዓመታት ሳልወድ በግድ በቃሌ ስላስጠናሽኝ ከሌላው ሁሉ የማውቀው የእሱን ነው። አባባ ደግሞ ስለ እሱ የሚለው ትዝ ይልሻል? ከበሩ ማዶ ሆኖ "ይሄ ሰውዬ ሆዱን ቁርጠት ይዞት ነው እንዴ እንዲህ የሚያለቃቅሰው? አንድ ሰው መድኃኒት ይስጠውና እንተኛ!"

የመረጥኩት "የሐምሌ ጭጋግ" የሚለውን ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ እኔ ዘፈንኩ። ሁለተኛውን ስጀምር ከጎኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ሻካራ ነው፣ ዝገት የያዘው ነው፤ ግን ቃሉ ቃል ነው። "ጀልባዋ ስትመለስ፣ ዳርቻው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።" አባባ ነው። አባባ ሚናሴን ይዘፍናል! ስክሪኑን እንኳ አያይም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ አንድ ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው ዘለቀው። ማይክሮፎኑ ከእጄ ወደቀ። እሱም በራሱ ደንግጦ ከንፈሩን በግራ እጁ ነካ።

ከየት ተማረው? ስለ እሱ ስናስብ ሁልጊዜ የሚጠላውን እንጂ የሚሰማውን አስበን አናውቅም። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እማማን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊቷ እጥበት ሆስፒታል እወስዳት ነበር። ስንመለስ ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሶ የሸክላ ማጫወቻሽ ክዳን ብቻ ንጹሕ ይሆናል። እማማ የምትወለውለው ይመስለኝ ነበር። እማማም የማደርገው እኔ መስሏት ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ዘፈን መምረጥ ሆነ። ቀላል እንዳይመስልሽ። መምረጫው ታብሌት ላይ ስሙን ስትጽፊ የሚናሴ ብቻ መቶ ስልሳ ሦስት ዘፈን ይወጣል። ከቤተ መጻሕፍት ሲዲዎቹን እየተዋስኩ ቤት ውስጥ እየሰማሁ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። የኋለኞቹ ይፈጥናሉ፣ አባባ አይደርስባቸውም። እንግሊዝኛ የቀላቀለባቸውን ይንቃቸዋል። ቀስ የሚሉ፣ ስንኛቸው የሚደጋገም፣ ድምፃቸው ሦስት ደረጃ ሲወርድ የማይበላሹትን ለየሁ። ሃያ ሁለት ሆኑ። ወይዘሮ ሃታኬያማ ሌላ ብልሃት አስተማሩኝ። ከዘፈኑ ውስጥ የሚጠቅም ስንኝ ካለ እሱን ለይቶ ቤትም እንዲያዜመው ማድረግ። "የጣቢያው ምግብ ቤት" ውስጥ "ሙቅ ሻይ አምጪልኝ" የሚል አለ። አንድ ቀን እቃ ሳጥብ ከኋላዬ "ሙቅ ሻይ አምጪልኝ" የሚል ዜማ መጣ። እጄ በአረፋ እንደተሸፈነ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። በግማሽ ፊቱ ነው የሚስቀው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር አብረን የሳቅንበት ቀን ከዚያ በፊት ትዝ አይለኝም።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ስንኝ አገኘ። ለመውጣት፣ ለሕመሙ፣ ለመስኮቱ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ደግ ወራት ነበሩ። መስከረም ላይ "የፖስታ ሳጥን" የሚለውን መረጥኩለት።

ስንኙን አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። "ዛሬስ መጣ ወይ፣ የእሷ ደብዳቤ መጣ ወይ?" ሲጨርሰው በግራ ጣቱ ታብሌቱን ነካ፤ ይደገምልኝ ማለቱ ነው። ደገምኩለት። ሦስተኛ አስደገመኝ። አራተኛውን ሲዘፍን ስክሪኑን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። እያየኝ ዘፈነ። በማግስቱ ምሳ ስንበላ ሩዙን ትቶ እንዲሁ እያየኝ "የእሷ ደብዳቤ መጣ ወይ?" አለኝ በዜማ። እኔም "ኧረ ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ ብላ እንጂ" አልኩት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ዘፈኑን ከደብተሬ ሰረዝኩት። "ማሽኑ ውስጥ የለም፣ አውጥተውታል" አልኩት። ሌላ መረጥኩ፣ አልዘፈነም። በሁለተኛው ረቡዕም የለም አልኩት። ታብሌቱን ከጭኔ ላይ ጎትቶ በአንድ ጣቱ ዝርዝሩን ታች፣ ታች፣ ታች ወረደና አገኘው። ጣቱን እላዩ ላይ አስቀምጦ ተመለከተኝ። ውሸቴን ከያዘ ሰው ፊት እንዲህ ቅርብ ተቀምጬ አላውቅም።

አሁን ላንቺ የምነግርሽን ልንገርሽ።

አባባ በጥፊ መቶሽ "ይችን ደጃፍ ዳግም እንዳትረግጪ" ያለሽ እውነት ነው። ሚስቱን ፈትቶ ልጅ የያዘ የጭነት መኪና ሹፌር ለልጄ አይሆንም ያለውም እውነት ነው። እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው።

እማማ በሞተች ማግስት ስትደውዪ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። "እትዬ፣ አስከሬኗ ሳይቃጠል ፊቷን ልይ። ዛሬውኑ ባቡር ልያዝ?" አልሽኝ። ትንፋሽሽ ይቆራረጥ ነበር። እኔም "አባባ እንዳትመጣ ብሏል። ብትመጣ ከሰው ፊት አስወጣታለሁ ብሏል" አልኩሽ። ሚሳኦ፣ አባባ እንዲህ አላለም። ያን ጠዋት ያለኝ "ለሚሳኦ ደወልሽላት?" ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ገብቼ "ደውዬላት ነበር፤ አልመጣም አለች" አልኩት። ጥቁሩን ክራቫት እያሰረ ነበር። እጁ ቆመ። ከዚያ "ይሁና" አለ።

በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የአዲስ ዓመት ካርድ ልከሽ ነበር። ፖስተኛው የካርዶቹን ጥቅል ሳይጥል በማለዳ እየተነሳሁ፣ በር ላይ ጠብቄ፣ ያንቺን እያወጣሁ ሌላውን ለአባባ አቀብለዋለሁ። አባባ ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ያገላብጠዋል። አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ። ይህን በየዓመቱ ቁጭ ብዬ አየሁት። በሦስተኛው ካርድ ላይ የልጅሽ ፎቶ ነበር፤ ሃሩካ ስሟ፣ አምስት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ። ያን ቀን ልሰጠው ተነሥቼ ነበር። በሩ ድረስ ሄድኩ። ግን ከሰጠሁት "ሌሎቹስ?" ይለኛል። ተመለስኩ። በአራተኛው ዓመት አንቺም ተውሽው፤ እኔ ግን ከልምድ እየተነሳሁ በር ላይ እቆም ነበር።

ለምን እንዳደረግኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። የጹሩኦካውን መምህር፣ አቶ ኤቢሃራን ታስታውሺዋለሽ? አንቺ በወጣሽ ዓመት ነበር ሊያገባኝ የጠየቀው። እማማ ታመመች፤ ከሁለታችን አንዷ መቅረት ነበረባት፤ አንቺ ደግሞ ሄደሻል። ሁለት ዓመት ጠበቀኝና ሌላ አገባ። እሱን እንኳ ይቅር እልሽ ነበር። ያቃተኝ ሌላ ነው። አባባ በሳምንት ሦስት ቀን እናቷን የምታመላልስ ልጁን "ደከመሽ?" ብሏት አያውቅም፤ የሚጠይቀው ስለሄደችው ነው። ሸሽተሽ ተፈለግሽ፤ እኔ ቀርቼ አልታየሁም። ይህ ሰበብ አይደለም። እንዲህ ነበር የሚሰማኝ፤ እንዳለ ልንገርሽ ብዬ ነው።

እና በዚያች ሦስት ቁጥር ክፍል፣ ጣቱ ታብሌቱ ላይ እንዳለ፣ ዘፈኑን ከፈትኩለት። ሙዚቃው ጀመረ። እሱ ማይክሮፎኑን አነሳ፤ ግን አልዘፈነም፤ ጠበቀኝ። ግጥሙ ብቻውን ስክሪኑ ላይ ቀለሙን እየቀየረ ያልፋል።

"አባባ፣ መጥቶ ነበር" አልኩት። "ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት። ስልክም ደውላ ነበር። ልምጣ ብላ ነበር። አልመጣም አላለችም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።"

ማይክሮፎኑን አፉ አጠገብ እንደያዘ ነው። ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው ክፍሉን ሞላው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። ማይክሮፎኑን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አወጣ። ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። "አሥር ደቂቃ ይቀርዎታል፣ ይጨምራሉ?" አለችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ሴት። "አይ፣ ይበቃናል" አልኳት።

ኮሪደሩ ላይ ወንበሩን ልገፋ ስይዝ እጄን አስወገደው። ራሱ ሊሄድ ፈለገ። አንድ እጁ ብቻ የሚታዘዝለት ሰው ጎማውን ሲያሽከረክር ወንበሩ ይዞራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ዞረ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ዞረ። ፊቱ ወደ እኔ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም እንዳልነካው ቆሜ አለቀስኩ። በመጨረሻ የእንግዳ መቀበያዋ ሴት መጥታ "አባቴ፣ እኔ ልግፋዎት?" ስትለው እሺ አለ።

ይህ ከሆነ ሰባት ሳምንት አለፈው። አባባ ከዚያ ወዲህ አልዘፈነም። ሻይ እንኳ አይጠይቀኝም፤ ካመጣሁለት ይጠጣል፣ ካላመጣሁለት ይቀመጣል። ካርዶቹን በማግስቱ አውጥቼ ፊቱ ደረደርኳቸው። የሃሩካን ፎቶ አንስቶ በግራ አውራ ጣቱ ፊቷን ሲዳብሰው ዋለ። አሁን ከትራሱ ሥር ናቸው፤ አንሶላ ስቀይር እንኳ በእጁ ይይዛቸዋል።

ለወይዘሮ ሃታኬያማ ነገርኳቸው። ቀልዳቸው ሁሉ ጠፋ። ከዚያ "ያልተሠራበት መንገድ ሣር ይበቅልበታል። በረዶው እስኪጥል ካልዘፈኑ ይህም በር ይዘጋል" አሉኝ። "ምን ላድርግ?" ብላቸው "ለእኔ ነው እንዴ መናገር ያለብዎት?" አሉ።

ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ይቅርታ አልለምንሽም፤ የሃያ አምስት ዓመት ነገር በአንድ ወረቀት አይለመንም። የእማማን ፊት እንዳታዪ አድርጌሻለሁ፤ ያን ማንም አይመልስልሽም። የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ከእኔ እጅ ዘፈን አይቀበልም። የምመርጥለትን ሁሉ በዝምታ ያሳልፈዋል። አንቺ ምረጪለት። ካልፈለግሽ እኔን አታገኚኝም። ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ክፍሉ በአባባ ስም ተይዟል፤ ኦኩዳይራ ብለሽ ብትጠይቂ ያሳዩሻል። አስገብቼው እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ እቀመጣለሁ፤ አንገቴን ቀና አላደርግም። ድምፁን ሦስት ደረጃ ዝቅ ማድረግ እንዳትረሺ። ነጥብ መስጫውን አጥፊው። ብርድ ልብሱ ወንበሩ ጀርባ ላይ ነው። ቀኝ ጎኑ ስለማይሰማው በግራው ተቀመጪ።

ደብተሩን እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ። "የፖስታ ሳጥን"ን ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጽፌዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ስጽፍ አባባ ከገበታው ማዶ ተቀምጦ ነበር፤ አላየኝም ብዬ ነበር። ፖስታው ላይ ስምሽን ስጽፍ እጁን ዘረጋ። ፖስታውን መስሎኝ ሰጠሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። እስክሪብቶውን ነው የፈለገው። ግራ እጁ ጽፎ አያውቅም፤ ወረቀቱን በክንዴ ያዝኩለት፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ዛሬ ነው ክንዴ ሲነካው ያልሸሸው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሦስት አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ አንዱ ካንዱ ሥር፣ የተንጋደዱ፣ ሦስተኛው ወረቀቱን ቀዶታል። የስምሽ መጀመሪያ፣ በእኛ ፊደል በሦስት ሰረዝ የምትጻፈው ሚ ናት። ሁለተኛውን ፊደል ጀምሮ አቃተው፤ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

እሱን ነው ከዚህ ጋር የላክሁልሽ። በእኔ ጽሑፍ ካልመጣሽ፣ በእሱ ነዪ።

በሩን በማለዳ የጠበቀችብሽ፣ አሁን ክፍት አድርጋ የተቀመጠችልሽ፣

ኪኑዮ